ዓይን ያልያዘው ስካር

ኦቦ ሌታ ኦልጅራ አልተውም ያሉት ነገር አንዲት የቅዳሜ ብርጭቆ ነበረች። ጨው ይቀንሱ ቢባሉ ቀንሰዋል፤ ጮማ ይተዉ ቢባሉ ትተዋል፤ ከወታደርነታቸው ዘመን አንሥቶ ከከንፈራቸው ያልተለየውን ሲጋራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወርውረውታል። ስለዚያች ብርጭቆ ግን ሚስት ለምና፣ ሐኪም አስጠንቅቆ፣ ልጅ አልቅሳ፣ እሳቸው ወይ ፍንክች ብለዋል። በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ የአምቦ ገበያ ሞልቶ ሲፈስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግሮሰሪያቸውን በር ገርበብ ያደርጋሉ። አራት መለኪያ ጂን በትልቅ ብርጭቆ ይቀዳሉ፤ አንድ ጣሳ ኃይል ሰጪ መጠጥ ከፍተው ይጨምሩበታል። ከዚያም ጀርባቸውን ለበሩ፣ ፊታቸውን ከባንኮኒው በስተኋላ ለተሰቀለው ሰፊ መስታወት ሰጥተው፣ ማንንም ሳያነጋግሩ እስከ ጭላጩ ይጠጧታል።

አንዲት ልጃቸው ኤቢሴ በጊንጪ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጤና መኮንን ናት። የአባቷ የልብ ምት ከተዛባ ወዲህ ያች ብርጭቆ ከቅዳሜዎቹ በአንዱ ይዛቸው ልትሄድ እንደምትችል ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት። በየቅዳሜው ከጊንጪ ሚኒባስ ተሳፍራ የምትመጣውም ከዘጠኝ ሰዓት ቀድማ ለመድረስ ነው። አንዳንድ ቀን ትደርሳለች፤ መድረሷ ግን የለወጠው ነገር የለም። በመንገዱ ሁሉ የሚከነክናት ደግሞ ሌላ ነው፤ ያን ጣሳ መጀመሪያ በእጇ ይዛ ወደዚያ ቤት ያስገባችው ራሷ ኤቢሴ ነበረች።

ኦቦ ሌታ በ1983 ዓ.ም. ክረምት ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ አምቦ የተመለሱት ከተበተነው ሠራዊት ጋር ነው። ይሁን እንጂ ጠመንጃ የያዙባቸው ቀኖች ጥቂት ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያገለገሉት በመኮንኖች ክበብ፣ ነጭ ኮት ለብሰው፣ ትሪ ተሸክመው ነው። በዚያ ክበብ ሽጉጥ የታጠቁ ሰዎች እስኪበቃቸው ይጠጡ ነበርና፣ የአስተናጋጁ ትልቁ ሙያ መቅዳት ሳይሆን መቼ መቅዳት እንደሚቆም ማወቅ ነበር። የአስተናጋጆቹ አለቃ የነበሩ አንድ አዛውንት በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ሲሉ መክረዋቸዋል፦ «አፉን አትስማ፤ እግሩንም አትይ። ሰካራም ምላሱን ለጊዜው ይገራል፣ እግሩንም ይገራል፤ የዓይኑን ቆብ ግን ማዘዝ አይችልም። ቆቡ ወርዶ ለመመለስ ካመነታ መቅዳቱን አቁም። ሽጉጥ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።» ኦቦ ሌታ ይህን ምክር እንደ ሃይማኖት ያዙት። በአሥራ አንዱ ዓመት በእሳቸው ተራ አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም፤ ከሠራዊቱ ይዘውት የወጡት ኩራትም ይኸው ብቻ ነበር።

ከተመለሱ በኋላ ጌጤነሽን አገቡ። በ1985 ዓ.ም. ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ግሮሰሪ ከፈቱና በሚስታቸው ስም ጠሩት። ጌጤነሽ ከጓዳ ጥብሱን ታሰናዳለች፤ እሳቸው ነጩን ኮት ለብሰው ከባንኮኒው ኋላ ይቆማሉ። ሰፊውን መስታወት ያሰቀሉት ለጌጥ አልነበረም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው በሚቀዱበት ጊዜ እንኳ የደንበኞቻቸው ዓይን እንዳያመልጣቸው ነው። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ አንድ መሳቢያ ነበረ። የዓይኑ ቆብ ያመነታ ሰው መጠጡ ይቆምለታል፤ የያዘው ቁልፍ ወደ መሳቢያው ይገባል፤ እርሱም ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄዳል። ቁልፍ የሌለው እንደሆነ መያዣ አይታጣለትም ነበር። ባለጋሪው አለንጋውን ያስረክባል። አንድ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር የቢሮውን ማኅተም በኪሳቸው እንደያዙ ቢመጡ፣ ማኅተሙንም መሳቢያው ዋጠው።

«ኧረ ኦቦ ሌታ፣ ማኅተሙን ይስጡኝ! ሰኞ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል።»

«ሰኞ ጠዋት ዓይንዎን ይዘው ይምጡ፤ ማኅተሙን ይዘው ይመለሳሉ።»

ሊቀ መንበሩ ሰኞ ማልደው መጡ። ኦቦ ሌታም በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ካዩ በኋላ ማኅተሙን አስረከቡ ተብሎ በከተማው ብዙ ተሳቀ። ይሁን እንጂ ሚስቶች ባሎቻቸው የት እንደሚጠጡ ሲጠየቁ «ሌታ ዘንድ ከሆነስ ግድ የለም» ማለት ጀመሩ። ኤቢሴ ያደገችው ይህን እየሰማች ነው። በልጅነቷ የአባቷን ሙያ የጠየቃት ሰው ቢኖር «ዓይን ያያል» ብላ ትመልስ ነበር።

በአምቦ ሰው ዘንድ ከመሬት የሚፈላ ውሃ የከበረ ነው። ሆድ ለቆረጠው ይሰጣል፤ ከሥጋ በኋላ ይጠጣል፤ የወይን ጠጅ ይቀጥንበታል። ኦቦ ሌታም ጂኑን በዚሁ ውሃ ያቀጥኑት ነበር፤ አረፋው መጠጡን እየመራ ከሰውነት ያስወጣዋል ብለው ያምኑ ነበርና። እምነታቸው እውነት ባይሆንም ጉዳት አላደረሰም፤ ውሃው ስካርን አይሸፍንም፣ የሰከረውም ሰው ቆቡ በሰዓቱ ይወድቅ ነበር። የኋላው ስሕተት ግን ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ በአምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው አረፋን በጠላትነት ሊጠረጥር አልቻለም።

ከደንበኞቹ ሁሉ የቅርባቸው ጂራ ነበር። ጂራ ከልጅነት አብሮ አደጋቸው፣ በጊንጪ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ለእሳቸው ከወንድም የማያንስ ሰው ነው። በየቅዳሜው በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት መጥቶ የአምቦን የከብት ገበያ ይቆጣጠራል፤ ሥራው ሲያልቅ በባንኮኒው ጫፍ ባለችው ከፍተኛ ወንበር ላይ ይሰየማል። ከአራተኛው መለኪያ በኋላ የዓይኑ ቆብ ሳይወድቅ የቀረበት ቅዳሜ አልነበረም። ያን ጊዜ ሳይጠየቅ ቁልፉን ራሱ ወደ መሳቢያው ይወረውርና «ሌታ፣ በቅሎዬን እሰርልኝ» ብሎ በአውቶቡስ ወደ ሚስቱ ወደ ባየሽ ይመለሳል። ሞተሩንም ሰኞ መጥቶ ይወስዳል።

ኤቢሴ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጤና መኮንንነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ለዕረፍት ስትመጣ ለአባቷ አራት ቀጫጭን ጣሳዎች ይዛ መጣች። ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር ጂራም ከወንበሩ ላይ ነበረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ ኦቦ ሌታ። «ልጄ» ብለው ሲያቆላምጧት ዘወትር በኦሮምኛ ነው።

«እንቅልፍ ያባርራል፣ አባዬ። ለፈተና ስናጠና እንጠጣዋለን። ቀኑን ሙሉ ቆመህ ድካም ሲጫንህ አንዷን ክፈት።»

ኦቦ ሌታ ጣሳውን ከፈቱት፤ ፍሽ ብሎ አረፋው ወጣ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት፤ ፊታቸው በደስታ በራ።

«ይሄማ ይፈላል! የእኛ ውሃ ዘመድ ነው በይኛ።»

«ዘመድ ከሆነ በሩቁ ምን አቆመው?» አለ ጂራ ብርጭቆውን እየገፋ። «እስቲ ከጂኔ ጋር አስተዋውቀው።»

ኤቢሴ ሳቀች። የምትከለክልበት ዕውቀት ገና አልነበራትም፤ ጣሳውንም የምታውቀው ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ከመጠጥ ጋር አልነበረም። ያን ሳቋን ግን ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ ትሰማዋለች።

ኦቦ ሌታ ቀላቀሉለት። ጂራ ሦስት መለኪያ ጠጣ፤ አራተኛውን ጨመረ። ኦቦ ሌታ እንደ ልማዳቸው ወሬ እያነሡ ዓይኑን ያጠኑት ጀመር። ቆቡ አልወረደም። ተጠግተው አዩት።

«ጂራ፣ እስቲ ቀጥ ብለህ ወደ እኔ እይ።»

«ምነው፣ በሽምግልናዬ ልታጨኝ ነው?»

«ዝም ብለህ እይ አልኩህ!»

አየ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር። ኦቦ ሌታ በሠላሳ ዓመት ግድም ውስጥ ያላዩትን ነገር አዩና ወደ ልጃቸው ዞረው «ይህ ነገር ስካርን ያጥባል!» አሉ። የተማረች ልጃቸው ያመጣችው ስጦታ የሕይወታቸውን ሥራ የሚያግዝ መድኃኒት ሆኖ ታያቸው። በዚያን ዕለት ጂራ ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጌጤነሽ ግሮሰሪ በሞተሩ ሄደ፤ በደኅናም ገባ። በደኅና መግባቱ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቅልቅሉ የቤቱ መለያ ሆነ። ጣሳው በካርቶን መምጣት ጀመረ። በሦስት መለኪያ ይበቃው የነበረ የቢሮ ሠራተኛ ስድስት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መሳቢያው ከሳምንት ወደ ሳምንት ባዶ እየሆነ ሄደ፤ ኦቦ ሌታም ባዶውን መሳቢያ ለእንግዳ ሁሉ እየሳቡ ያሳዩ ነበር። «እዩ፣ ሥራ ፈታ!» ይላሉ። የመሳቢያው ባዶ መሆን የሰካራሞች መጥፋት ሳይሆን የምልክቱ መጥፋት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ ወይም ነግሯቸው የሰሙት አልነበረም። ሚስታቸው ጌጤነሽ አንድ ቀን ከጓዳ ወጥታ ሞክራ ነበር።

«ሌታ፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ድሮው አይፈዙም እንጂ ይጣላሉ። ዛሬ ሁለት ብርጭቆ ተሰበረ። መምህር ገቢሳም ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ነው እያለ ሲያለከልክ አየሁት።»

«ነቅቶ ነዋ! የነቃ ሰው ልቡ ይሰማዋል።»

«ድሮስ ሳይነቃ ነበር እንዴ ልጅ የሚያስተምረው?»

ሳቁባት። እርሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ጥብሷ ተመለሰች። መምህሩም በሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሆኖ ስለ መጣ ነገሩ ተረሳ።

ሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ነበር። ጂራ በዚያ ቅዳሜ የከብቱን ገበያ ሥራ ቀደም ብሎ ጨርሶ፣ በዘጠኝ ሰዓት ከወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አራት መለኪያውን በአንድ ጣሳ ጠጣ። ወሬው ሞቅ ያለ፣ ሳቁ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። ሊሄድ ሲነሣ የሞተሩን ቁልፍ በጣቱ አንጠልጥሎ በኦቦ ሌታ ፊት አወዛወዘው።

«ና ውሰደው እንጂ! መሳቢያህ በረሃብ ሊሞት ነው።»

ኦቦ ሌታ ቁልፉን ከጣቱ ላይ ተቀበሉት። ለአንድ አፍታ በመዳፋቸው ያዙት። ከዚያ በባንኮኒው ላይ ተደግፈው የጂራን ዓይን አዩ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ። ቆቡ አላመነታም። ቁልፉን በራሳቸው እጅ መልሰው በጂራ መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቹን አጠፉለት።

«ሂድ ባክህ። ዓይንህ ከእኔ ዓይን ይልቅ ንጹሕ ነው።»

ጂራ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ፣ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች፣ ከገበያ ወደ አገራቸው የሚነዱ በሬዎች መንገዱን ሞልተው አገኘ። ዕድሜ ልኩን ከብት ሲያክም የኖረ ሰው ነውና መንጋ ከሩቅ ሲያይ ፍጥነት መቀነስ ለእርሱ ትምህርት የሚያሻው ነገር አልነበረም። ያዩት ሰዎች እንደመሰከሩት ግን አልቀነሰም፤ እየሳቀ በሁለት በሬዎች መካከል ሊያልፍ ፈለገ። ቦታው አይበቃም ነበር። ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ።

የተወሰደበት ሆስፒታል ኤቢሴ ለተግባር ልምምድ የተመደበችበት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ «አያ ጂራ» ስትለው የኖረችውን ሰው በነጭ ጋዋኗ ቆማ ተቀበለችው። ሁለት ቀን ተናገረ፤ በሦስተኛው ዝም አለ። በእነዚያ ሁለት ቀኖች ሚስቱ ባየሽ ከራስጌው አልተለየችም። የሚጠይቀው ሁሉ ሰክሮ እንደሆነ በዘዴ ሲጠይቀው፣ የሚመልሰው አንድ መልስ ነበር፦

«አልሰከርኩም። ሌታ ዓይኔን አይቶ ነው የለቀቀኝ።»

ይህን የተናገረው በወቀሳ አልነበረም። በጓደኛው ሙያ የሚኮራ ሰው አነጋገር ነበር፤ ለኤቢሴ ከወቀሳ የከበዳትም ይኸው ነው።

ጂራ ባረፈ ማግሥት ተማሪዎቹን የሚያስተምረው ሐኪም ጉዳዩን ለትምህርት አነሣው። «መጠጡ ያደነዝዛል፤ ጣሳው ያነቃል» አለ። «ሁለቱ ሲደባለቁ የሚጠፋው ስካሩ ሳይሆን የስካሩ ስሜት ነው። በሰውየው ደም ውስጥ ካለው አልኮል አንዲት ጠብታ አልቀነሰችም። ፍርዱ የሰካራም ፍርድ ነው፣ እጁም የሰካራም እጅ ነው፤ ዓይኑ ብቻ የንቁ ሰው ዓይን ይመስላል። እንቅልፍ ስለማይመጣበት ጨምሮ ይጠጣል፤ ደኅና ነኝ ስለሚል ይነዳል። ልቡ ደግሞ ከሁለት ወገን ይገረፋል፤ ደካማ ልብ ከሆነ ምቱ ይዛባል፣ ሊቆምም ይችላል።» ከተማሪዎቹ አንዱ «እንዲህ አድርጎ የሚቀላቅል ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ኤቢሴ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ቀረች። በዚያ ገጽ ላይ ያን ቀን የጻፈችው አንድም ቃል የለም።

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ለአባቷ ነገረቻቸው። የጂራን ቃል ግን አልነገረቻቸውም፤ ያን ከነገርኩት በእግሩ አይቆምም ብላ ዋጠችው። ኦቦ ሌታ እስከ መጨረሻው ሰሟት። በማግሥቱ በመደርደሪያው የነበረውን ጣሳ ሁሉ አወረዱ፤ ቅልቅሉን ለጠየቀ ደንበኛ «በዚህ ቤት የለም» ማለት ጀመሩ፤ ተቆጥቶ የሚሟገት ቢኖር በሩን ያሳዩታል። መሳቢያው እንደገና ቁልፍና አለንጋ ይውጥ ጀመር። ኤቢሴም አባቴ ከጥፋቱ ተማረ ብላ ልቧ ቀለል አለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሆነውን የነገረቻት እናቷ ናት፤ ያውም ከወራት በኋላ። «ጂራ ለመጨረሻ ጊዜ በጠጣበት ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻውን ያንኑ ይጠጣል» አለቻት። «ለምን ስለው አይመልስም። መስታወቱን እያየ ይቀመጣል። የሽማግሌ ፊት ምን ይታይበታል ብዬ ብቀልድበትም አልሳቀም።» ኤቢሴ ሐዘን ነው፣ ይወጣለታል አለች። የጓደኛውን ጽዋ እየጠጣ ያስበዋል ብላ ተረጎመችው። ስትመረቅም፣ በጊንጪ ስትመደብም ያልወጣለት ሐዘን ግን ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ኦቦ ሌታ ከብርጭቆዋ በኋላ ከወንበራቸው ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ልባቸው አንዴ እንደ ጋላቢ ፈረስ፣ አንዴ እንደ ደከመ ሽማግሌ ይመታ ነበር። ሐኪም አዳናቸው። ሐኪሙ ጨውን፣ ጮማውን፣ ሲጋራውንና ብርጭቆዋን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው። ከአራቱ ሦስቱን በዚያው ሳምንት ፈጸሙ።

የጥር ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። የኤቢሴ ሚኒባስ መንገድ ላይ ስለዘገየች ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዛ ስትከንፍ መጣች። ገርበብ ያለውን በር ገፍታ ስትገባ አባቷ አራተኛውን መለኪያ እየቀዱ ነበር። ጣሳው ገና አልተከፈተም። ጌጤነሽ ከጓዳው በር ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

«ደረስሽ፣ ልጄ?» አለች እናቷ። «እኔስ ደክሞኛል። ድንጋይ ብለምን እስካሁን ይመልስልኝ ነበር።»

ኤቢሴ ወደ ባንኮኒው ኋላ አለፈች። ቦርሳዋን ሳታወርድ በአባቷና በመስታወቱ መካከል ቆመች፤ የእጃቸውን አንጓም ያዘች። እሳቸው አልከለከሏትም። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች፤ ቆጠራው ግን ሁለት ጊዜ አመለጣት። የልባቸው ምት ይረግጥና ይዘላል፤ ሁለቴ ይቸኩልና ይጠፋል፤ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የእርሷም እስትንፋስ ይቆማል።

«አባዬ፣ ገና ሳትጠጣው እንዲህ ነው። ከጠጣህ በኋላ የሚሆነውን እኔ መቁጠር አልችልም።»

«አትቁጠሪዋ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ሚኒባሱ አደከመሽ መሰለኝ፣ ቁጭ በዪ። እናትሽ ጥብስ ትሥራልሽ።»

«ጥብስ አልፈልግም! ይህን ጣሳ ወደዚህ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሳቅሁት። አያ ጂራን የገደለው አንሶ አንተንም እንዲወስድብኝ ነው? ቅጣት ከሆነ የምትፈልገው እኔን ቅጣኝ።»

«አንቺማ ለአባትሽ ድካም መድኃኒት አመጣሽ። ከጂን ጋር የቀላቀለው የማን እጅ ነው? የእኔ እጅ ነው። በዚህ ነገር ላይ ስምሽን ዳግመኛ እንዳታነሺ።»

ይህን ብለው ጣሳውን አነሡ። ኤቢሴ ያን ጊዜ በሐኪም ምክርም፣ በልጅ እንባም ያላገኘችውን መንገድ ልትሞክር ቆረጠች። ለሦስት ዓመት ያህል የዋጠችውን ቃል፣ አባቷን ያፈርሳቸዋል ብላ የፈራችውን ቃል፣ ያድናቸው እንደሆነ ብላ አወጣችው። ገና ከአፏ ሲወጣ ጸጸታት፤ ግን አልመለሰችውም።

«አያ ጂራ ከመሞቱ በፊት ያለውን ታውቃለህ? ሰክረህ ነበር ወይ ሲሉት፣ ‹አልሰከርኩም፣ ሌታ ዓይኔን አይቶ ነው የለቀቀኝ› አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ አለ። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። ዓይን የማይዘው ስካር ነው፣ አባዬ! አንተም አልያዝከውም፣ ማንም አይዘውም! ተወው፤ ስለ እርሱ ብለህ ተወው።»

ከጓዳው በር ላይ ጌጤነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኦቦ ሌታ ጣሳውን በባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ፊታቸው አልተለወጠም። ነጩን ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ልጃቸውንም ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ደንበኛ፣ ዓይን ዓይኗን አዩአት። ከዚያ በኋላ በዝግታ እንዲህ ሲሉ መለሱላት፦

«ኢንተላ ኮ፣ ይህ ቃል ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ባየሽ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነግራኛለች። ሳትረግመኝ፣ እንደ ምስጋና አድርጋ፣ ‹እንዳልሰከረ ምስክሩ አንተ ነህ› ብላ ነው የነገረችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ባለሽጉጡን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ባለሞተሩንና ባለጋሪውን ሳይ ኖሬ፣ አንድ ሰው አላመለጠኝም ነበር፤ ጂራ አመለጠኝ። አንቺ ስካሩ ዓይን ላይ አይወጣም ትያለሽ፤ መጽሐፍሽ እንደዚያ ካለ እሺ ይሁን። እኔ ግን አንድ ምልክት ሳይኖር አይቀርም ባይ ነኝ። ከቆቡ ሥር ይሁን፣ ከብሌኑ ዳር ይሁን፣ የሆነ ቦታ አለ፤ በዚያን ቀን አይቼው ያለፍሁት ነገር አለ። ስለዚህ ያንኑ ልክ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ጠጥቼ የራሴን ዓይን በመስታወቱ አያለሁ። ለማንም አልሸጥም፤ ለማንም አልቀዳም፤ በኪሴ ቁልፍ የለም፤ ከዚህች ወንበርም አልነሣም። የሚቆም ልብ ካለ የእኔው ልብ ነው። ምልክቱን ያገኘሁ ቀን እተወዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ልጄ፣ ከመስታወቱ ፊት ዞር በዪልኝ።»